ውጤት ከየት ይነሳል? ለርዕሳነ መምህራን የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

«ማኅተም ተረከብኩ፣ ዓመታዊ ዕቅድ አስገባሁ፣ ግቢው ጸዳ፣ አጥሩም ታጠረ። የልጆቹ ውጤት ግን ያው ነው። ከየት ልጀምር?»

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ አዲስ የተመደቡ ርዕሳነ መምህራን ናቸው። ስልኩ የሚደወለውም ብዙ ጊዜ የካቲት ላይ ነው፤ የአንደኛው ሴሚስተር ሮስተር (የተማሪዎች ማጠቃለያ ውጤት መዝገብ) ተዘግቶ ወረዳው «ምንድን ነው ይሄ?» ካለ በኋላ። እኔም ዓመታት በርዕሰ መምህርነት ሠርቻለሁ፤ አሁን የክላስተር ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ የአጎራባች ትምህርት ቤቶችን ሥራ እከታተላለሁ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ውጤት የሚለወጠው በአንዲት የ40 ደቂቃ ፔሬድ ውስጥ የሚሆነው ነገር ሲለወጥ ነው። አጥር፣ ቀለም፣ ባነር፣ ኮሚቴ፣ ሁሉም የራሱ ቦታ አለው። ፔሬዷ ካልተነካች ግን ሮስተሩም አይነካም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ እናንተን ከቢሮ አውጥተው ወደዚያች ፔሬድ የሚወስዱ ናቸው።

ሥራው አንድ ሴሚስተር ይወስዳል። በወር ውስጥ ለውጥ የሚጠብቅ ሰው በስድስተኛው ሳምንት ይተወዋል፤ ስለዚህ ከአሁኑ ይታወቅ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የአንድ የክፍል ደረጃ ያለፉት ሁለት ሴሚስተሮች ሮስተርና ማርክ ሊስት
- የዚያው ክፍል ስም መጥሪያ
- የአንድ ትምህርት ማጠቃለያ ፈተና፣ ተማሪዎቹ ከሠሩበት የመልስ ወረቀት ጋር (ወረቀቱ ተመልሶላቸው ከሆነ ቢያንስ ከ30 ልጆች መልሳችሁ ሰብስቡ)
- ሁለት ማኒላ ወረቀት፣ ማርከር
- ሰዓት፤ ስልካችሁ ይበቃል
- ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር
- በሳምንት አምስት ፔሬድ የእናንተ ጊዜ

ኮምፒውተር ካለ ጥሩ፤ ከሌለም ሥራው አይቆምም። ከዝርዝሩ ውዱ የመጨረሻው ነው። አምስቱን ፔሬድ አሁኑኑ በፕሮግራም ላይ ጻፏቸው፤ ለጸሐፊዋም ንገሯት። ያልተጻፈ ጊዜ ስብሰባ ይበላዋል።

1. ሮስተሩን ሰብሩት

የትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤት ለሪፖርት እንጂ ለሥራ አይሆንም። ማን እንደወደቀና የት እንደወደቀ ይደብቃል። አንድ የክፍል ደረጃ ምረጡ፤ ለምሳሌ 6ኛን። ከዚያ ውጤቱን በአራት መንገድ ክፈሉት፦ በትምህርት ዓይነት፣ በሴክሽን፣ በጾታ፣ በቀሪ ብዛት።

በሴክሽን መክፈል ለምን? 6ኛ ኤ እና 6ኛ ቢ በተለያዩ መምህራን ተምረው ውጤታቸው በጣም ከተራራቀ፣ የምትፈልጉት ሰው እዚያው ግቢ ውስጥ አለ ማለት ነው። ከውጭ አሠልጣኝ ከመለመናችሁ በፊት እሱ ምን እንደሚያደርግ እዩ። ሁለቱንም የሚያስተምረው አንድ መምህር ሆኖ ውጤቱ ከተራራቀ ደግሞ ፕሮግራሙን ተመልከቱ። አንደኛው ሴክሽን ሂሳብን ሁልጊዜ በመጨረሻው ፔሬድ እየተማረ ሊሆን ይችላል።

የቀሪውን ነገር በደንብ ያዙት። ስም መጥሪያው ላይ ያለውን የአንድ ወር ቀሪ በቀን ለይታችሁ ቁጠሩ፤ ሰኞ ስንት፣ ማክሰኞ ስንት። አንድ ገጠር ትምህርት ቤት ይህን ስናደርግ የሐሙስ ቀሪ ከሌላው ቀን እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሐሙስ ገበያ ነው። ፕሮግራሙን አወጣን፤ ሐሙስ ሂሳብ ደብል ፔሬድ አለው። ልጁ ከእናቱ ጋር ገበያ በወጣ ቁጥር ከሳምንቱ ሂሳብ ትልቁን ክፍል ያጣል። መምህሩ «እነዚህ ልጆች ሰንፈዋል» ይላል፤ እናትየው «መምህሩ አያስተምርም» ትላለች። ጥፋተኛው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነበር። ደብሉን ወደ ማክሰኞና ዓርብ መበተን ሳንቲም አላስወጣም።

በመጨረሻ ተከታታይ ምዘናውን ከማጠቃለያ ፈተናው ጋር አስተያዩ። ተከታታዩ ሞልቶ ማጠቃለያው ባዶ የሆነ ልጅ ብዙ ከሆነ፣ ማርኩ እየተሰጠ ያለው ለደብተር መያዝ፣ ለቡድን ሥራና ለመገኘት ነው። ይህን ማወቅ ያለባችሁ ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። በትምህርት ቤት ሮስተር ላይ ደህና ማርክ ይዞ የነበረ ልጅ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

2. የፈተናውን ወረቀት ክፈቱ

ሮስተር የሚነግራችሁ የትኛው ልጅ እንደወደቀ ነው። በምን ላይ እንደወደቀ የሚነግራችሁ የፈተና ወረቀቱ ነው። ብዙዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል፤ እኔ ደግሞ አንድ ደረጃ ብቻ ሥሩ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የአንድ ሴክሽን 30 ወረቀት ያዙ፤ ከጎበዞቹ 10፣ ከመካከለኞቹ 10፣ ከደካሞቹ 10። ማኒላው ላይ የጥያቄዎቹን ቁጥር ወደ ታች ጻፉ። ወደ ጎን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ አድርጉ። እያንዳንዱ ልጅ የመረጠውን በአንድ ሰረዝ ምልክት አድርጉ። መምህሩም አብሯችሁ ይቀመጥ፤ ሁለት ሆናችሁ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም።

ሲያልቅ ብዙ ልጅ የሳታቸውን ሦስት ጥያቄዎች ምረጡ። አሁን ዋናው ጥያቄ ስንት ልጅ ሳተ የሚለው አይደለም። የትኛውን የተሳሳተ መልስ መረጡ የሚለው ነው።

ምሳሌ ላሳያችሁ። የ6ኛ ክፍል ሂሳብ ነው፤ ጥያቄው 1/3 + 1/4 ስንት ነው ይላል። መልሱ 7/12 ነው። ከ30 ልጅ 19ኙ 2/7 ብለዋል። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምረው ማለት ነው። መምህሩ «እኔ እኮ አስተምሬዋለሁ» አለ። እውነቱን ነው። የልጆቹን ደብተር አስመጣን፤ ላዕሉ፣ የጋራ ታህቱ፣ ሁሉም በሥርዓት ተጽፏል። ደብተሩ ላይ ትክክል፣ ፈተናው ላይ ስህተት። ነገሩ ያኔ ገባን። ልጆቹ ከሰሌዳ የገለበጡት ነው እንጂ የሠሩት አይደለም።

ታዲያ መፍትሔው «ምዕራፉን ድገም» አልነበረም። መምህሩ በማግስቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ገባ። «2/7 እና 1/3፣ የትኛው ይበልጣል?» አላቸው። እንጀራ በሰሌዳ ላይ ሣለ፤ አንዱን ለሦስት፣ አንዱን ለሰባት ከፈለ። 2/7 ከ1/3 ያንሳል። «ሲሶ እንጀራ ይዛችሁ ሩብ ጨመርኩላችሁ፤ እንዴት መጀመሪያ ከነበራችሁ አነሰ?» ክፍሉ ሳቀ። ይህች አንዲት ፔሬድ ከሦስት ሳምንት ክለሳ በላይ ሠርታለች።

ሁለት ማጣሪያዎች እዚሁ ላይ ጨምሩ።

ሀ) ንባብ። ከደካሞቹ አሥሩን አንድ በአንድ ጥሩና ከመጽሐፋቸው አንድ አንቀጽ ጮክ ብለው ያንብቡ። ለብቻቸው ይሁን፤ ጓደኛ ፊት እንዳያፍሩ። ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ልጅ የሂሳብም የሳይንስም ጥያቄ አይገባውም። እሱን የሂሳብ ማጠናከሪያ ውስጥ መክተት ውሃ መውቀጥ ነው። መጀመሪያ ንባቡን።

ለ) ቋንቋ። ሁለተኛ ደረጃ ከሆናችሁ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የሳቱትን ጥያቄ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጠይቋቸው። ከመለሱ ፊዚክሱን ያውቁታል፣ ያልገባቸው የጥያቄው ቋንቋ ነው። ያኔ ሥራው የፊዚክስ መምህሩ ብቻ ሳይሆን የእንግሊዝኛ መምህሩም ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ 15 ቁልፍ ቃላት አውጥቶ ከምዕራፉ በፊት ማስተማር ቀላሉ መነሻ ነው።

3. ደቂቃ ቁጠሩ

ሰዓታችሁን ይዛችሁ ለአንድ ሳምንት ኮሪደር ላይ ቁሙ። ቢሮ ሆናችሁ አትችሉትም። ደወል ከተደወለ በኋላ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የመጀመሪያውን ነገር እስኪጽፍ ስንት ደቂቃ ይሄዳል? ስም አትጻፉ፤ ደቂቃ ብቻ።

በፔሬድ 8 ደቂቃ ብታገኙ አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው። ግን አስሉት። 8 ደቂቃ በቀን 7 ፔሬድ፣ በሳምንት 5 ቀን ሲባዛ 280 ደቂቃ ነው። ለ40 ሲካፈል 7 ፔሬድ። ልጆቹ በየሳምንቱ አንድ ሙሉ የትምህርት ቀን ያጣሉ ማለት ነው። ይህን ስሌት በመምህራን ስብሰባ ላይ ሰሌዳ ላይ ሥሩት። ማንንም አትውቀሱ፤ ስሌቱ ራሱ ይናገራል።

ከዚያ ደቂቃዋ የት እንደምትሄድ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው፦ ጠመኔ ከቢሮ ማምጣት፣ በየፔሬዱ ስም መጥራት፣ የጠዋት ሰልፍ ላይ የሚረዝም ማስታወቂያ፣ ከሻይ ዕረፍት ዘግይቶ መመለስ። እናንተም አላችሁበት። በትምህርት ሰዓት መምህር ቢሮ የምትጠሩ ከሆነ ሌባው እናንተ ናችሁ።

4. አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

እስካሁን ባገኛችሁት ላይ ተመሥርታችሁ አንድ የክፍል ደረጃ፣ አንድ ትምህርት፣ አንድ ችሎታ ምረጡ። ዒላማው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። «የተማሪዎችን ውጤት ማሻሻል» ዒላማ አይደለም። ይሄኛው ነው፦ «እስከ ሰኔ ከ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ሦስት አራተኛው፣ ከ10 የክፍልፋይ ጥያቄዎች 7ቱን ብቻቸውን ይሠራሉ።»

ለምን አንድ? መምህሩ አንድ ነገር መቀየር ይችላል። አምስት ስትሰጡት አምስቱንም በወረቀት ይቀይርላችኋል።

ይህን ዒላማ ሌላ ሰነድ አታድርጉት። በትምህርት ቤት መሻሻል ዕቅዳችሁ ውስጥ አራት ርዕሶች አሉ፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታና አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ዒላማውን በመጀመሪያው ሥር አስገቡት። እንዲህ ከሆነ ከስኩል ግራንት (ለትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው ድጎማ) ለወረቀትና ለማባዣ ቀለም መመደብ ትችላላችሁ፤ ሪፖርቱም በዚያው ያልቃል። የኢንስፔክሽን ሪፖርት ካላችሁም አውጡት። ደረጃ ስንት ተሰጠን ብሎ ከመከራከር፣ ስለ መማር ማስተማር የተጻፈውን አንብቡ። ነፃ ምርመራ ነው።

5. ሦስት ወይም አራት ሰው ያዙ

ኮሚቴ አትበሉት። የዲፓርትመንት ተጠሪው፣ ከሴክሽኖቹ ደህና ውጤት ያመጣው መምህር፣ መምህራን የሚሰሙት አንድ አንጋፋ፣ እና አንድ ተጠራጣሪ። ተጠራጣሪውን የምጨምረው አውቄ ነው። ከውጭ ሆኖ ስታፍ ውስጥ ከሚያወራ ውስጥ ሆኖ ይጠይቃችሁ። ማኒላውን ሲያይ ብዙ ጊዜ ይለሰልሳል።

6. ክፍል ግቡ

በሳምንት ሦስት ፔሬድ ለምልከታ ስጡ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር በስብሰባ ላይ በግልጽ ተናገሩ፤ ቃለ ጉባኤም ይያዝ፦ «ይህ ምልከታ የሥራ አፈጻጸም ውጤት መሙያ አይደለም።» መምህሩ ለነጥብ እንደመጣችሁ ካሰበ የሚያሳያችሁ ትምህርት ሳይሆን ትርዒት ነው። ባለፈው ሳምንት የተማሩትን እንደ አዲስ ሲያስተምር፣ ልጆቹም ጥያቄው ሳያልቅ ሲመልሱ አይቻለሁ። ባለቼክሊስቱን የዓመት ምዘና በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ቀን አድርጉት።

ስትገቡ ኋላ ተቀመጡ። የክፍሉን አቀማመጥ በደብተራችሁ ላይ ሣሉ፤ እያንዳንዱ ዴስክ አንድ ሳጥን። መምህሩ ጠይቆት የመለሰ ልጅ ሳጥን ላይ ነጥብ አድርጉ። በቃ፤ ሌላ ምንም አትጻፉ።

አንድ አንጋፋ መምህር ጋ ገብቼ ነበር። ሲጨርሱ ዛፍ ሥር ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ልጅ የመለሰልዎት ይመስልዎታል?»

«ብዙ ነው። ሃያ አይሞሉም ብለህ?»

ሥዕሉን ሰጠኋቸው። 54 ልጅ ባለበት ክፍል ሰባት ልጅ ላይ ብቻ ነጥብ ነበረ፤ አምስቱ የፊት ዴስክ ላይ። መነጽራቸውን አውልቀው ቆዩ። «እነዚህ እኮ ሁሌም እጅ የሚያወጡት ናቸው» አሉ። እኔ ሌላ ምንም አልተናገርኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ስገባ «ቲቸር! ቲቸር!» የሚል ጩኸት የለም። ሁሉም በደብተሩ ጀርባ መልሱን ጽፎ ወደ ላይ ያነሳል፤ እሳቸው እየዞሩ ያያሉ። ያልገባው ማን እንደሆነ በአንድ ደቂቃ ታወቀ።

የምልከታው ጥቅም ይሄ ነው። መምህሩ ራሱን የማያይበትን ነገር ታሳዩታላችሁ። ስትነጋገሩ በዚያው ቀን ይሁን፤ ካደረ ይቀዘቅዛል። አንድ ጥሩ ነገር፣ አንድ የሚቀየር ነገር፣ ተመልሳችሁ የምትገቡበት ቀን። ሦስቱን ተናግራችሁ ተነሱ። 12 አስተያየት የተሰጠው መምህር አንዱንም አይዝም።

7. የተሙማ ሰዓቱን ለዚህ አውሉት

መምህራን በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ አለባቸው። በብዙ ትምህርት ቤት ይህ ሰዓት ፖርትፎሊዮ በመገልበጥ ያልቃል። እናንተ በሁለት ሳምንት አንዴ 90 ደቂቃ ያዙና እንዲህ ከፋፍሉት፦ 20 ደቂቃ የልጆች ደብተር ማየት፣ 40 ደቂቃ የሚቀጥለውን ከባድ ትምህርት አብሮ ማቀድ፣ 30 ደቂቃ አንዱ መምህር ለሌሎቹ እንደ ክፍል አድርጎ ማሳየት። ፖርትፎሊዮው ከዚሁ ሥራ ይሞላል። በተናጠል ያቀደ መምህር በስህተቱ ላይ ብቻውን ይቆያል፤ አብሮ ያቀደ ግን ልጆቹ የት እንደሚሳሳቱ ከሌላው ቀድሞ ይሰማል።

8. ማጠናከሪያውን አስተካክሉ

ማጠናከሪያ ትምህርት የሌለው ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። የሚጠቅመው ግን አሁንም ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ያው መምህር፣ ያንኑ ትምህርት፣ በዚያው መንገድ፣ በደከመ ሰዓት። የሚመጡትም ጎበዞቹ ናቸው።

የተሻለው እንዲህ ነው፦ በደረጃ 2 ያገኛችኋቸውን ልጆች በስም ዝርዝር ጥሩ። ከ20 አይብለጡ። አንድ ችሎታ ብቻ፣ ለሦስት ሳምንት። መጨረሻ ላይ አምስት ጥያቄ ተፈትነው ያለፉት ይውጡ፣ አዳዲስ ይግቡ። ሰዓቱን ስታወጡ ሴት ልጆቹን ጠይቁ። ከ10:30 በኋላ ከሆነ ውሃ መቅዳትና ወጥ መሥራት ይጠብቃቸዋል፤ መንገዱም ይመሻል። ቅዳሜ ጠዋት ወይም ከፈረቃው በፊት ይሻላል።

9. ወላጅን በደብተር ጥሩ

የሁሉንም ወላጅ አጠቃላይ ስብሰባ ተዉት፤ የመዋጮ ወሬ ብቻ ይሆናል። በሴክሽን ጥሩ። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ጥሪውን ያግዝ። ወላጅ ሲመጣ የልጁን ደብተርና የፈተና ወረቀት ፊቱ አድርጉለት። ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ በገበያ ቀን ልጁ እንዳይቀር፣ ማታ ደግሞ «ዛሬ የጻፍክበትን ገጽ አሳየኝ» እንዲሉት። ማንበብ የማይችል ወላጅም ይህን ማድረግ ይችላል። ቀኑን ባያነበውም ባዶ ገጽ ባዶ መሆኑን ያያል፤ ልጁም እንደሚታይ ያውቃል።

10. በየስድስት ሳምንቱ መዝኑ

10 ጥያቄ፣ 20 ደቂቃ፣ ከዒላማው ብቻ። ጥያቄውን አንዱ መምህር ያውጣ፣ ሌላው ይረም። ይህን የምታደርጉት መምህራኑን ስለማታምኑ አይደለም፤ ሰው የራሱን ልጅ ወረቀት ሲያርም እጁ ስለሚላላ ነው። ውጤቱን በሁለተኛው ማኒላ ላይ በሴክሽን አስፍሩና ስታፍ ውስጥ ለጥፉ። ካልተንቀሳቀሰ ዘዴውን ቀይሩ፤ ዒላማውን አትቀንሱ። ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ያንን ያደረገውን መምህር በሰልፍ ላይ በስሙ አመስግኑት። ምስጋናው ለወረዳው ሪፖርት ብቻ ከተጻፈ አልደረሰውም።

ማስጠንቀቂያ

- ማርክ አታስጨምሩ። የማለፊያ መጠን ከላይ ሲወሰን ቀላሉ መንገድ እስኪብርቶ ነው። ግን በደረጃ 1 ያያችሁትን ክፍተት ራሳችሁ ትፈጥሩታላችሁ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው።
- ደካማ ተማሪ እንዲያቋርጥ ወይም እንዲዛወር አትገፋፉ። አማካዩ ይነሳል፤ ትምህርት ቤቱ ግን አልተሻሻለም።
- በአለንጋ ውጤት አይነሳም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ይደነግጋል። የሚገረፍ ልጅ ያልገባውን አይጠይቅም፤ ያልጠየቀውን ደግሞ እናንተ አታውቁትም።
- የደካማ ልጆችን ስም ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። የማጠናከሪያው ዝርዝር በመምህሩ እጅ ይቆይ።
- ኩረጃን በማጠቃለያ ፈተና ቀን ብቻ ሳይሆን በየስድስት ሳምንቱ ፈተና ላይም ተቆጣጠሩ። የተኮረጀ ውጤት ይዛችሁ ዕቅድ ብታወጡ በውሸት ላይ እየሠራችሁ ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*በሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ መጀመር።* ከ1ኛ እስከ 8ኛ፣ በሁሉም ትምህርት። ኅዳር ላይ ሁሉም ሰው ደክሟል። በአንድ ክፍል ሠርቶ ያሳየ ሰው ሌሎቹ ራሳቸው መጥተው ይጠይቁታል።

*ከአንድ ለአምስት የተማሪዎች ቡድን ሁሉንም መጠበቅ።* ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። ቡድኑ ይኑር፤ ግን መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ብቻውን አንድ ጥያቄ ይሥራ።

*ምልከታውን ሙሉ በሙሉ ለምክትሉ መስጠት።* ምክትሉ ይገባል፤ እናንተም ትገባላችሁ። ርዕሰ መምህሩ የማይገባበት ነገር አስፈላጊ እንዳልሆነ መምህሩ ወዲያው ይረዳዋል።

*ሪፖርት እስኪያልቅ መጠበቅ።* አያልቅም። «ወረዳው በሪፖርት ወጥሮኛል፤ ክፍል መቼ ልግባ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ከ2:00 እስከ 4:00 ሰዓት ክፍል፣ ከዚያ በኋላ ወረቀት። ስልክም ቢሆን ከ4:00 በኋላ መልሱ። ለጥቂት ሳምንታት ያኮርፋሉ፤ ከዚያ ሰዓታችሁን ይለምዱታል።

11. ደብተሩን ለሚቀጥለው ሰው አዘጋጁ

ርዕሰ መምህር ይዛወራል። ብዙ ጊዜም ዝውውሩ የሚመጣው ሥራው መስመር ሲይዝ ነው። አዲሱ ሰው መጥቶ ከዜሮ ይጀምራል፤ መምህራኑም «ይሄም ያልፋል» ብለው ይጠብቁታል።

ስለዚህ ሰኔ ላይ በዚያች ባለ 50 ቅጠል ደብተር መጨረሻ አራት ነገር ጻፉ፦ ዒላማው ምን ነበር፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁጥር ስንት ነው፣ የትኛው መምህር ምን ሞከረ፣ ምን አልሠራም። አራተኛውን በደንብ ጻፉት፤ የሚቀጥለውን ሰው ዓመት የሚያተርፍለት እሱ ነው። ሁለቱን ማኒላዎች ጠቅልላችሁ ከደብተሩ ጋር እሰሩና ከማኅተሙና ከቁልፉ ጋር በርክክብ ቅጹ ላይ አስመዝግቡ። ቅጹ ላይ ያልተመዘገበ ነገር ለክረምት ጽዳት ይጣላል።